ጥርስ ሲጎዳ፦ ሐኪም ዘንድ ከመድረስ በፊት መምህሩ ምን ያድርግ?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር በሥራ ዘመኑ ከጥርስ አደጋ ጋር መገናኘቱ የማይቀር ነው። በእረፍት ሰዓት ኳስ ሜዳ ላይ ሁለት ተማሪዎች ይጋጫሉ፤ በክረምት መግቢያ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አንዱን አንሸራቶ በአፍ ጢሙ ይደፋዋል፤ በፈተና ሳምንት አንዲት ተማሪ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ጥያቄውን ማንበብ ያቅታታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በአቅራቢያው ባለው መምህር ላይ ነው።

የጥርስ ሐኪም ግን በየቀበሌውና በየወረዳው አይገኝም። ከብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻችን ተነሥቶ የጥርስ ክሊኒክ ወዳለበት ከተማ ለመድረስ መኪና መጠበቅና መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍና በጥርስ በሽታ የተያዘው የዓለም ሕዝብ ወደ 3.5 ቢልዮን እንደሚጠጋ ገልጿል። ችግሩ ይህን ያህል የተስፋፋ ሲሆን፣ ስለ ጥርስ አደጋ የመጀመሪያ እርዳታ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ስለ ስብራት፣ ስለ ቃጠሎና ስለ እባብ ንክሻ የሰማን መምህራን እንኳ ስለወለቀ ጥርስ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንመልሰው የለንም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ከአደጋው በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት በመምህሩ እጅ ናት። በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚደረገው ወይም ሳይደረግ የሚቀረው ነገር ተማሪው ያንን ጥርስ ዕድሜውን ሁሉ ይዞት እንዲኖር ወይም እንዲያጣው ያደርጋል።

ስለ ጥርስ አሠራር ጥቂት ማስታወሻ

የሚደረገውን ለመረዳት የጥርስን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። ከድድ በላይ የሚታየው ነጭ ክፍል ኢናሜል በተባለ፣ ከሰውነታችን ሁሉ እጅግ ጠንካራ በሆነ ነገር ተሸፍኗል። በውስጡ የደም ሥርና ነርቭ የሚገኙበት ለስላሳ ክፍል አለ። ከድድ በታች ያለው የጥርስ ሥር ደግሞ ከመንጋጋው አጥንት ጋር የተያያዘው በሲሚንቶ እንደተለሰነ ድንጋይ ሆኖ አይደለም፤ በመካከላቸው እጅግ ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ጥርስ ሲወልቅ እነዚህ ጅማቶች ይበጠሱና ከፊሎቹ ከነሕይወታቸው በሥሩ ላይ ተጣብቀው ይወጣሉ። ጥርሱ ተመልሶ እንዲይዝ የሚያደርጉት እነርሱው ናቸው። ከደረቁ ግን ይሞታሉ።

ሕፃናት 20 የወተት ጥርሶች አሏቸው፤ አዋቂ ሰው እስከ 32 ቋሚ ጥርሶች ይኖሩታል። የላይኞቹ የመካከል የፊት ጥርሶች የሚቀየሩት በ7 እና በ8 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ የፊት ጥርሱ ቢወልቅ በምትኩ ሌላ አይበቅልለትም። በአደጋ አብዝተው የሚጎዱትም እነዚሁ የላይኛው የፊት ጥርሶች ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ

አፉ የደማ ተማሪ ሲመጣ በመጀመሪያ የምንመለከተው ጥርሱን መሆን የለበትም። ራሱን ስቶ ነበር ወይ? ያስመልሰዋል ወይ? ንግግሩ ተዛብቷል ወይ? መተንፈስ ይቸግረዋል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጭንቅላቱ ወይም አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። እንዲህ ካልሆነ ተማሪውን ወደ ፊት ጎንበስ አድርገን እናስቀምጠው፤ ደሙን እንዳይውጥ ይትፋው። የጎማ ጓንት ካለ እናጥልቅ፤ ከሌለ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት እጃችን ላይ እናድርግ። በደም የሚተላለፉ በሽታዎች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም።

ጥርስ ከነሥሩ ሲወልቅ

ከጥርስ አደጋዎች ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ነው። በተለምዶ የወለቀ ጥርስ እንደሞተ ዕቃ ተቆጥሮ ወዲያ ይጣላል፤ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ በኪስ ይከተታል። ሁለቱም ጥርሱን ያጠፉታል። መደረግ ያለበት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጥርሱ ወዲያውኑ ይፈለግ። ሳር ውስጥም ሆነ አሸዋ ላይ ቢወድቅ ጥቂት ተማሪዎችን አሰማርቶ ማስፈለግ ነው። ከጠፋና ተማሪው እያሳለ ወይም ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በሆስፒታል ራጅ መነሣት ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ጥርሱ ሲነሣ በነጩ አናቱ በኩል ይያዝ፤ ሥሩ በእጅ አይነካ። አፈር ከነካው በወተት ወይም በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይለቅለቅ። በሳሙና ማጠብ፣ በጨርቅ መወልወል፣ በአልኮል ማጽዳት ፈጽሞ አይገባም። ለማጽዳት ብለን ስንፈትገው የምናስወግደው እነዚያን በሕይወት ያሉ ጅማቶች ነው።

ሦስተኛ፣ ተማሪው ነቅቶ ካለና ከፈቀደ ጥርሱ እዚያው ወደ ቦታው ይመለስ። የጥርሱን ፊትና ጀርባ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር አስተያይቶ፣ ወደ ከንፈር የሚዞረውን ጎን ለይቶ፣ ሥሩን ወደ ጉድጓዱ አስገብቶ በአውራ ጣት ቀስ እያሉ መግፋት ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ሲሆን ተማሪው የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። ተማሪው ራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሌላ ሰው ይልቅ የራሱን እጅ ያምናል። በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ቢደረግ እጅግ መልካም ነው።

አራተኛ፣ መመለስ ካልተቻለ ጥርሱ እንዳይደርቅ ይደረግ። ለዚህ ከሁሉ በቀላሉ የሚገኘው ቀዝቃዛ ወተት ነው። ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ያልረጋና ያልኮመጠጠ ወተት ይበቃል፤ እርጎና አሬራ ግን ኮምጣጣነት ስላላቸው አይሆኑም። በጾም ወራት ወይም ወተት በማይገኝበት ቦታ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በመመሪያው መሠረት በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ጥርሱን በዚያ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህም ከሌለ ተማሪው በንጹሕ ኩባያ ውስጥ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ በምራቁ ውስጥ ይቀመጥ። ተራ ውሃ ለእነዚያ ጅማቶች አይስማማም፤ ሆኖም ሌላ ምንም ከታጣ ከመድረቅ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ተማሪው በዚያው ሰዓት ወደ ጥርስ ሐኪም ይላክ። ሐኪሙ ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር አያይዞ ለሁለት ሳምንት ያህል ያስረዋል፤ ኋላም የውስጡን ክፍል ያክማል። መንጋጋ ቆልፍ እንዳይዘውም የክትባቱን ሁኔታ ይጠይቃል። ጥርሱ በደረቅ ሁኔታ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ በሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ስለሚሞቱ ዘላቂ ሆኖ የመዳኑ ተስፋ ይቀንሳል። ቢሆንም ሐኪሙ መልሶ ሊተክለው ስለሚችል «ጊዜው አልፏል» ብለን መጣል አይገባንም።

ጥርሱን እኛ የማንመልስበትም ጊዜ አለ። የወተት ጥርስ ከሆነ ከሥሩ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ስለሚችል አይመለስም፤ ይህ በተለይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አብረው በሚማሩበት ግቢ ሊታወቅ ይገባል። ተማሪው ራሱን የሳተ ከሆነ፣ ወይም ከባድ የልብ በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ደግሞ ጥርሱ በወተት ተቀምጦ ውሳኔው ለሐኪም ይተዋል።

ጥርስ ሲነቃነቅና ሲሰበር

ጥርሱ ሳይወልቅ ተነቃንቆ ወይም ከመሥመሩ ወጥቶ ከሆነ በጣት ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መመለስ ይሞከራል። እምቢ ካለ ግን አይታገሉትም። ተማሪው ሐኪም እስኪያየው ድረስ በዚያ ጥርስ እንዳይነክስ፣ እንደ አጥሚትና በወጥ የራሰ ፍትፍት ያለ ለስላሳ ምግብ እንዲበላ ይነገረው።

የተሰበረ ጥርስ ከሆነ ስባሪው ይፈለግና በወተት ወይም በውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። ስባሪው ካልተገኘና ከንፈር ከተቆረጠ በከንፈሩ ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። በስብራቱ መካከል ቀይ ነጥብ ከታየ ወይም ደም ከወጣ ለስላሳው የውስጥ ክፍል ተጋልጧል ማለት ስለሆነ በዚያው ቀን መታከም ይገባዋል። አፍን ለብ ባለ ውሃ መጉመጥመጥ፣ ከውጭ በኩል ጉንጭ ወይም ከንፈር ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ሕመሙንና እብጠቱን ያበርዳል።

የጥርስ ሕመም

ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው ብል ሲሆን፣ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ወደ ነርቩ ሲቀርብ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣል። ከ17 ዓመት በላይ በሆኑ ተማሪዎች ላይ ደግሞ በመጨረሻ የሚበቅለው የኋላ ጥርስ ድዱን እያሳበጠ ሊያሠቃይ ይችላል።

በመጀመሪያ በጥርሶች መካከል የተሰገሰገ ምግብ ካለ በንጹሕ ክር ይውጣ። መርፌ፣ ሽቦና ምላጭ ድድ ስለሚያቆስሉ አይነኩ። ቀጥሎ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ደጋግሞ መጉመጥመጥ ነው። ለማስታገሻ ፓራሲታሞል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይወሰዳል። ከመስጠታችን በፊት ግን ተማሪው ቀደም ሲል የወሰደው መድኃኒት እንዳለና የማይስማማው እንዳለ እንጠይቅ። ኢቡፕሮፌን የጨጓራ ሕመም ላለበት ወይም በባዶ ሆዱ ላለ ሰው አይመከርም። አስፕሪን ደግሞ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ሊያስከትል ይችላልና።

በየመንደሩ የሚዘወተሩ ሌሎች መፍትሔዎችም አሉ። ቅርንፉድ በእርግጥ የሚያደነዝዝ ቅመም አለው፤ የቅርንፉድ ዘይት በጥጥ ጫፍ ጠብ አድርጎ ጥርሱ ጉድጓድ ላይ ማድረግ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ድዱን ከነካ ግን ያቃጥላል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ድዱን እንደ አሲድ ይልጠዋል። ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቆ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደርም እንዲሁ ያቆስላል። አረቄ መያዝ ጥርሱን አያድነውም፤ ለተማሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ለብዙ ቀን ሲያሠቃይ የከረመ ጥርስ በድንገት ሕመሙ ቢጠፋ ድኗል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የውስጡ ነርቭ ሞቷል ማለት ነው፤ ምርዙም ሳይሰማ ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ተማሪዎች ሕመማቸውን የሚሸሽጉት መነቀልን ስለሚፈሩ ነው። በጊዜ የተደረሰበት ጥርስ ግን ተሞልቶ ወይም ሥሩ ታክሞ ሊተርፍ ስለሚችል፣ «የታመመ ጥርስ መድኃኒቱ መነቀል ብቻ ነው» የሚለውን አነጋገር ልናርምላቸው ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ፊት ሲያብጥ

ከጥርስ የሚነሣ እብጠት ሰው ሊገድል እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪኽ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተነሥቶ በምላስ ሥርና ከአገጭ በታች የሚስፋፋ ምርዝ ነው። ምላሱን ወደ ላይና ወደ ኋላ እየገፋ በመጨረሻ የአየር መንገድን ይዘጋል።

ስለዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ የማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ ማሳደር አይገባም፤ በቀን ይሁን በሌሊት ተማሪው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እብጠቱ ወደ ዓይን ከወጣ ወይም ከአገጭ በታች ወደ አንገት ከወረደ፤ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተው፤ ድምፁ ከታፈነ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፤ መተንፈስ ካስቸገረው። በመንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ እንጂ በጀርባው አይተኛ።

እብጠቱን በመርፌ መብጣት፣ በትኩስ ጨርቅ መተኮስ፣ ማሸት የተከለከለ ነው። ከመድኃኒት መደብር አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ትክክል አይደለም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እብጠቱን ለጥቂት ቀናት ቢቀንሰውም፣ የበሽታው ምንጭ የሆነው ጥርስ እስካልታከመ ድረስ ተመልሶ ይመጣል፤ አለቦታው ሲዘወተርም ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ መድማት

ጥርሱን አስነቅሎ ወደ ክፍል የተመለሰ ተማሪ ደም ቢያስቸግረው፣ ንጹሕ የቁስል ጨርቅ ተጠቅልሎ ጉድጓዱ ላይ ይደረግና ለ30 ደቂቃ ሳይለቅ አጥብቆ ይንከስ። በየደቂቃው እያነሡ ማየት የረጋውን ደም ይነቅለዋል። የቁስል ጨርቅ ከታጣ በውሃ የራሰና የተጨመቀ የሻይ ከረጢት ይተካዋል፤ በሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ደም እንዲረጋ ይረዳል። በዚያን ቀን አፍን አብዝቶ መጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ መትፋት፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ሲጋራ ማጨስና ስፖርት መሥራት አይገባም። ከ1 ሰዓት በላይ ተነክሶ እንኳ ካልቆመ ወደ ነቀለው ባለሙያ ይመለስ። ከነቀላው በኋላ በ3ኛው ቀን ገደማ ሕመሙ እንደገና ከበረታም እንዲሁ።

የመንጋጋ ስብራትና መውለቅ

በምት ወይም በመውደቅ የተጎዳ ተማሪ ጥርሶቹ እንደ ወትሮው አልገጥም ካሉት፣ የታችኛው ከንፈሩ ከደነዘዘ፣ ወይም አፉን ሲከፍት አገጩ ወደ አንድ ጎን ከዞረ መንጋጋው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ተማሪው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ይያዝ፤ ወይም በነጠላ ከአገጩ እስከ አናቱ ሳይጠብቅ ይደገፍለት። የሚያስመልሰው ከሆነ ግን አይታሰርም። ሲያዛጋ አፉ ተከፍቶ የቀረ ተማሪም ያጋጥማል። ይህ የመንጋጋ መውለቅ ነው። በጉልበት ለመመለስ መሞከር ስብራት ስለሚያስከትል ለሐኪም መተው ይሻላል።

በትምህርት ቤት ደረጃ ምን እናዘጋጅ?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ እርዳታ ሣጥናችን ውስጥ የጎማ ጓንት፣ የቁስል ጨርቅ፣ ክዳን ያለው ንጹሕ ኩባያ፣ ጨውና ሁለት ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ቢኖር ይበቃል። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ በአቅራቢያ ያለው የጥርስ ክሊኒክ የት እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሠራና ስልኩ ተጽፎ ይለጠፍ። ተማሪውን አጅቦ የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ የመኪና ወጪው ከየት እንደሚወጣና ወላጅ በምን መንገድ እንደሚነገረው አስቀድሞ በመምህራን ስብሰባ ቢወሰን፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ውድ የሆነው ሰዓት በክርክር አያልፍም።

ተማሪው ሲላክ አጭር ማስታወሻ ይያዝ፦ አደጋው በስንት ሰዓት ደረሰ፣ ጥርሱ በደረቅ ሁኔታ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በምን ውስጥ ተቀመጠ፣ ምን መድኃኒት ተሰጠው። ሐኪሙ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ከዚህም በላይ ነገሩን ለተማሪዎቹ ማስተማር ይገባል። ኳስ ሜዳ ላይ መምህር ከመድረሱ በፊት የሚደርሰው ጓደኛ ነው። የሥነ ሕይወት መምህር ስለ ጥርስ አሠራር ሲያስተምር 10 ደቂቃ ጨምሮ የወለቀ ጥርስ እንዴት እንደሚያዝ ቢያሳይ፣ የስፖርት መምህርም በዓመቱ መጀመሪያ ይህንኑ ቢደግመው፣ ዕውቀቱ ከትምህርት ቤት አልፎ ወደ መንደር ይሄዳል። የለስላሳ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ ውሃ በሚጠጣ ልጅ ራስ ላይ ከኋላ መግፋትና መሰል ልማዶችም በዚያው ይነሡ።

የፊት ጥርሱን በ15 ዓመቱ ያጣ ልጅ ሰው ፊት ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ይለምዳል፤ ክፍል ውስጥ መልስ እያወቀ እጁን አያወጣም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ ኩባያ ወተትና ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው በየትምህርት ቤታችን እንዲገኝ ማድረግ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።